ምራቂና የመመረቂያ ጽሑፍ

ቡራዩ ውስጥ በአንድ ጉልት ቲማቲም የሚሸጡ እናት አሉ። ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላ፣ ገዢው ጠየቀም አልጠየቀ፣ ሁለት ፍሬ ይጨምራሉ። ይህን ጭማሪ አማርኛችን «ምራቂ» ይለዋል፤ ቃሉ «መረቀ» ከሚለው የወጣ ነውና ስጦታውና ቡራኬው በአንድ ስም ይጠራሉ። (የእኛ «መመረቂያ ጽሑፍ»ም የዚሁ ግሥ ልጅ ነው፤ ዝምድናው ግን ከስም ያለፈ አይመስልም።) ስለ አገልግሎት ጥራትና ስለ ደንበኛ ታማኝነት የሚቀርቡ የማስተርስ ጥናቶች በየዓመቱ ይበረክታሉ። ምራቂን የሚጠይቅ መጠይቅ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ችግሩ የሚጀምረው ከመለኪያው ይመስለኛል። አብዛኞቻችን የምንጠቀመው ፓራሱራማን፣ ዘይትሃምልና ቤሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙትን፣ 22 ጥያቄዎችና አምስት ዘርፎች ያሉትን ሰርቭኳል ነው። መሣሪያው የተፈተነው በአሜሪካ ባንኮች፣ በክሬዲት ካርድ፣ በጥገናና በርቀት ስልክ አገልግሎት ነበር። ጠቃሚ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የሚሰበስበው አጠቃላይ ግምትን ነው፤ ትንሽ መልካም ድርጊት ደግሞ ቀንና ሰዓት ያላት ክስተት ናት። ቢትነር፣ ቡምስና ቴትሮልት እ.ኤ.አ. በ1990 ሌላ መንገድ መርጠው ነበር። ከአየር መንገድ፣ ከሆቴልና ከምግብ ቤት ደንበኞች ወደ 700 የሚጠጉ ገጠመኞችን ሰበሰቡ። ደንበኛውን ካስደሰቱት ገጠመኞች መካከል ትልቁን ድርሻ የያዘው ማንም ሳይጠይቀው ሠራተኛው በራሱ ተነሳሽነት ያደረገው ነገር ነበር። ይህ ሥራ በጽሑፎቻችን የንድፈ ሐሳብ ምዕራፍ ይጠቀሳል፤ ወደ ዘዴው ምዕራፍ ሲደረስ ግን ይረሳል።

ጉዳዩ በጂማ መንገድ ላይ ላለችው ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ላይ ላለችው ቡራዩና በጎጃም መንገድ ላይ ላለችው ሱሉልታ ይበልጥ ይከብዳል። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ከነዋሪዎቻቸው ብዙዎቹ ቤት ፍለጋ ከአዲስ አበባ የወጡ፣ ማለዳ ሄደው ማታ የሚመለሱ ናቸው። እንዲህ ያለው ገዢ ሻጩን የሚያውቅለት ዘመድም ሆነ የቆየ ጎረቤት የለውም። ክሊፎርድ ጊርትዝ የሞሮኮዋን የሰፍሩ ገበያ ባጠናበት ጊዜ፣ ስለ ዋጋና ስለ ጥራት የሚታወቀው ጥቂት በሆነበት ገበያ ገዢ ከአንድ ሻጭ ጋር እንደሚተሳሰር አሳይቷል። እኔም ምራቂን የማየው በዚህ ዓይን ነው። ሁለቱ ቲማቲሞች ደግነት ብቻ ሳይሆኑ መረጃም ናቸው፦ «ነገም እዚሁ ነኝ» ይላሉ። ነገ ቦታውን ለመልቀቅ ያሰበ ሻጭ የሚመርቅበት ምክንያት የለውም። ከምራቂው በኋላ ዱቤ ይከተላል፤ ከዱቤው በኋላ የልጅ ስም ይጠየቃል። አማርኛው ለሚከብደው ገዢ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ መስጠትም ከዚሁ ይቆጠራል፤ ሳንቲም አያስወጣም፣ ነገር ግን ለብዙ ጊዜ ይታወሳል።

በሰበታ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ተራ ስጠብቅ፣ የጥበቃ ሠራተኛው የአንዲት አዛውንትን የገንዘብ ማውጫ ቅጽ በጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲሞላላቸው አየሁ። ሲጨርስ ጮክ ብሎ አነበበላቸው፤ ከዚያም እስከ መስኮቱ አደረሳቸው። አዛውንቷ ወደዚያ ቅርንጫፍ የሚመለሱ ከሆነ ምክንያቱ ያ ሰው መሆኑን ለመገመት መጠይቅ አያስፈልግም። እርሱ ግን ምናልባት ከኤጀንሲ የተላከ ነው፤ በእኛ ናሙና ውስጥ «የደንበኞች አገልግሎት ባለሙያ» አይባልም፤ ምስጋናውም በቅርንጫፉ ስም ይመዘገባል።

ሌላው የሚያሳስበኝ መመላለስን ታማኝነት ብለን መቁጠራችን ነው። ዲክና ባሱ እ.ኤ.አ. በ1994 እንዳስረዱት፣ ፍቅር ሳይኖረው የሚመላለስ ደንበኛ ታማኝነቱ የይስሙላ ነው። ማታ በታክሲ ሰልፍ የቆመ የሱሉልታ ተሳፋሪ ነገም እዚያው ይቆማል፤ ስለ ወደደ ሳይሆን ሌላ መሄጃ ስለሌለው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል፤ አማራጭ ሲበዛ በመመላለስ ብቻ የለካነው ታማኝነት ምን ያህሉ እንደሚቀር እንግዲህ ይታያል።

ሥራ አስኪያጆች «ፈገግ በሉ» የሚል መመሪያ ማውጣት ይቀናቸዋል፤ ተማሪዎቻችንም በማጠቃለያቸው ይህንኑ ይመክራሉ። በዚህ አልስማማም። ምራቂ ከሻጯ ከራሷ ቅርጫት ይወጣል፤ የመስኮቱ ሠራተኛ ግን ቅርጫት የለውም። ያለ አለቃ ፊርማ የተሳሳተ ቅጽ ማረም ወይም አዛውንትን ከተራ ማሳለፍ ካልቻለ፣ የታዘዘው ፈገግታ ለደንበኛው የሚነግረው አዲስ ነገር የለም። ስለዚህ ቀጣዩ አጥኚ ሠራተኛው ምን ያህል እንደሚፈግግ ከመጠየቁ በፊት በራሱ ሥልጣን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ቢጠይቅ እመርጣለሁ። ደንበኛውንም «በጣም እስማማለሁ» ከማስባል ይልቅ የመጨረሻ ገጠመኙን ያስተርከው።

ያ የቡራዩ ጉልት ለመንገድ ሥራ ተነሥቶ ሻጮቹ ራቅ ወዳለ ቦታ ሄደው ነበር። በሳምንቱ ባዶው ቦታ ላይ ሁለት ሴቶች ዘንቢል አንጠልጥለው፣ የቲማቲሟ እናት የት እንደ ገቡ አላፊ አግዳሚውን ሲጠይቁ አገኘኋቸው። በመንገዳቸው ሌላ ቲማቲም ሻጭ ነበረች።