«ስክራነል»፦ የአንድ ብርቅ ቃል ሁለት ገጽ

በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ላይ የሚሠራ ተመራማሪ እንግዳ ቃል ሲገጥመው መዝገበ ቃላት ገልጦ የመጀመሪያውን ፍች ይዞ ማለፍ ይቀናዋል። ይህ ልማድ በብርቅ ቃላት ላይ ምን ያህል እንደሚያጎድል «ስክራነል» የተባለው ቅጽል ያሳያል። ቃሉ በአንድ ወገን ክሳትን፣ በሌላ ወገን ሻካራነትን ይገልጻል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ሁለቱ ፍቾች የሚደጋገፉ እንጂ የሚሻሙ አይደሉም።

ቃሉን ያስተዋወቀው ጆን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1637 ጽፎ በ1638 ያሳተመው «ሊሲደስ» የተሰኘ የሙሾ ግጥም ነው። ገጣሚው ባሕር ላይ ለሞተው የኮሌጅ ባልንጀራው ለኤድዋርድ ኪንግ ሲያለቅስ፣ መንጋቸውን የዘነጉ ካህናትን በቅዱስ ጴጥሮስ አንደበት ይወቅሳል። ቅጽሉ የተሰጠው እነዚህ እረኞች ለሚነፉት የገለባ ዋሽንት ነው።

ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት የቃሉን ምንጭ እንደማያውቅ፣ ከሚልተን በቀር ሌላ ምሳሌም እንደሌለው ገልጾ «የማይረባ» ወደሚል ፍች አዘነበለ፤ ከቃሉ ድምፅ ተነሥቶም ምናልባት ለጆሮ የሚሻክር ማለት ሊሆን እንደሚችል ገመተ። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በበኩሉ ቅጥነትንና ክሳትን አስቀድሞ፣ ሻካራነትን የሚልተንን አጠቃቀም ተከትሎ የመጣ ትርጉም አድርጎ ያቀርባል።

እንግዲህ «ክሳት ቀዳሚ ከሆነ ሻካራነት የአንባቢዎች ጭማሪ ነው» የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ዐውዱ ግን ይህን አይደግፍም። በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ዜማዎቹ ከሲታ ተብለዋል፤ ግሡም የመፋቅን፣ የመሻከርን ድምፅ የሚያሰማ ነው። ወዲያው ተከትለው የሚመጡት ደግሞ ቀና ብለው የሚጠብቁ፣ ግን የማይመገቡ የተራቡ በጎች ናቸው። ዋሽንቱ የሚሻክረው ስለከሳ ነው፤ በጎቹም የሚራቡት ዜማው ፍሬ ስለሌለው ነው። ከሁለቱ ፍቾች አንዱ ከተነሣ የወቀሳው ሰንሰለት ይበጠሳል።

ጉዳዩ ወደ አማርኛ ለሚመልስ ሰው ይበልጥ ይከብዳል። «ሰላላ» ለክንድም ለድምፅም ይነገራል፤ «ሻካራ» ለቆዳም ለድምፅም ያገለግላል። ይሁን እንጂ ሰላላ ድምፅ ጆሮን ላያውክ ይችላል፤ ሻካራ ድምፅም የግድ ቀጭን አይደለም። ስለዚህ አንድ ቃል በአንድ ቃል የመተካት ፍላጎት እዚህ ላይ መገታት አለበት፤ «ሰላላና ሻካራ ዋሽንት» ማለት ቃል ማባከን ሳይሆን ለምንጩ መታመን ነው።

የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ቃል ሲተነትኑ ቢያንስ ሦስት ነገር ቢያሟሉ መልካም ነው፦ ቃሉ የተገኘበትን ሙሉ ዓረፍተ ነገር መመርመር፣ የመዝገበ ቃላቱን ዘመን መግለጽ፣ የተዉትን ፍች ከነምክንያቱ ማስፈር። አማካሪዎችም ይህን ሊጠይቁ ይገባል። በአንድ ምሳሌ ላይ የቆመ ፍች የመዝገበ ቃላቱ አዘጋጅ ንባብ ነው፤ ንባብ ደግሞ ይመረመራል እንጂ እንዳለ አይወረስም።