ስለ መንገደኛ ጓዝ

ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ ተነሥቶ ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው ሻንጣውን ብቻውን አይዘጋም። ዘመድ ወዳጁ ሽሮውንም፣ በርበሬውንም፣ ቅቤውንም ይዞ ይመጣል፤ ትልቁ ሻንጣ ሲሞላም የተረፈው ሁሉ በእጅ ቦርሳው ይጠቀጠቃል።

ባለፈው ዓመት አንዲት የሰበታ ጎረቤቴ፣ አሜሪካ ያለችው ልጃቸው ወልዳ ለክርስትናው ሲሄዱ እንዲሁ ሆነ። ለአራሷ ብለው በሊትር ጠርሙስ የያዙት ጠበል በእጅ ቦርሳቸው ስለ ነበረ ከፍተሻው አላለፈም። እኒያ እናት አለቀሱ። ደንቡን እያወቅሁ አስቀድሜ ስላልነገርኋቸው ነገሩ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ደንቡ ለጠበል ተብሎ የወጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በለንደን፣ ፈሳሽ ፈንጂ ወደ አውሮፕላን ሊያስገቡ ያሴሩ ሰዎች ከተያዙ ወዲህ፣ በብዙ አውሮፕላን ጣቢያዎች በእጅ የሚያዝ የፈሳሽ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ቅቤና ማርም ከፈሳሽ ይቈጠራሉ። ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ከ350 ሚሊ ሊትር የበለጠ ዱቄት በእጅ መያዝ ለተጨማሪ ምርመራ ይዳርጋል፤ ሊከለከልም ይችላል። ሽሮና በርበሬ ዱቄት መሆናቸውን መቼም የሚክድ የለም። እነዚህ ሁሉ በሚገባ ታሽገው፣ ተመዝኖ ከአውሮፕላኑ ሆድ በሚጫነው ሻንጣ ይግቡ። የስልክ መሙያው ፓወር ባንክ ግን እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ከዚያ አይገባም፤ በእጅ ይያዛል። መድኃኒት፣ መነጽርና ፓስፖርትም ከእጅ አይለዩ።

ከዚህ ሌላ የባልንጀራ ነገር አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በተራው ማዕረግ ለሚሳፈር የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው። ከዚያ አብልጦ የያዘ ሰው ሻንጣውን ከራሱ በላይ ለመስቀል ሲታገል ጠባቡ መተላለፊያ ይዘጋል፤ ሕፃን ያቀፈችውም፣ በምርኵዝ የቆሙት አዛውንትም ከኋላው ይጠብቃሉ። ጄሰን ስቴፈን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጥናት ይህንኑ መርምሯል፤ ሰውን ከኋላ ረድፍ ጀምሮ በቡድን በቡድን ማስገባት እንኳ ብዙ እንደማይረዳ፣ ዋናው መዘግየት ዕቃ የሚያስቀምጠውን ቆሞ መጠበቅ መሆኑን አሳይቷል። አየር መንገዳችን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ በረራ ሲጀምር፣ በዚያ ዘመን ዳግላስ አውሮፕላኖች መንገደኛው በግራና በቀኝ ግድግዳ ተጠግቶ ሲቀመጥ ጭነቱ በመካከል ይታሰር ነበር። አንዳንዶቻችን ያ ሥርዓት የናፈቀን እንመስላለን።

ባለፈው ሳምንት የእኒያው ጎረቤቴ እኅት ከሱሉልታ ሊሄዱ ሲሉ አስጠሩኝ። ከቡራዩ ነጋዴ የተዋስሁትን ተንጠልጣይ ሚዛን ይዤ ሄድሁ። የእጅ ሻንጣው 11 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። ሽሮውንና ቅቤውን ወደ ትልቁ አዛወርን፤ ጠበሉንም በሦስት ትንንሽ የላስቲክ ጠርሙስ ቀድተን፣ ክዳኑን አጥብቀን፣ በጋቢ ጠቅልለን ከትልቁ ሻንጣ መካከል አኖርነው። ዳግመኛ ስንመዝነው የእጁ 6 ኪሎ ተኩል ሆነ።

ትናንት ማታ ከዚያው ደውለው ነበር። ጠርሙሶቹ ሦስቱም ደርሰዋል።