የተረፈ ጠጅ ለምን ይኮመጥጣል?

ዛሬ የምንነጋገረው ከድግስ በኋላ ስለሚተርፍ ጠጅ ነው።

አንዲት እናት ልጃቸውን ዳሩ። ለሠርጉ 60 ሊትር በሚይዝ ጋን ሙሉ ጠጅ ጣሉ። ሠርጉ ሲያልፍ 15 ሊትር ያህል ተረፈ። «ለማኅበሬ ይሆነኛል» ብለው እዚያው ጋኑ ውስጥ ተዉት። በወሩ ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። ጠጁ ተቀዳ። የቀመሰው ሁሉ ፊቱን አጨማደደ። ጠጁ ኮምጥጧል!

እናትየዋ እጅግ አዘኑ። «ያቺ ጎረቤቴ ስትቀዳ አይታው ነበር። ዓይኗ ነው ያበላሸብኝ» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ቡና መጠራራት ተዉ።

እኛ ግን እስቲ እንጠይቅ። ጠጁን ያበላሸው እውነት ዓይን ነው?

አይደለም። ጠጁን ያበላሸው አየር ነው። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች አሉ። ተሕዋስያን ይባላሉ። አንዳንዶቹ የማሩን ብርዝ አፍልተው ጠጅ ያደርጉልናል። ሌሎቹ ደግሞ ጠጁን ወደ አቸቶ ይለውጡታል። እነዚህ የኋለኞቹ ያለ አየር መሥራት አይችሉም። ሉዊ ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ይህን የአቸቶ ነገር በ1860ዎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መርምሮ አስረድቷል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ጋኑ 60 ሊትር ይይዛል። የተረፈው ጠጅ 15 ሊትር ነው። ከ60 ላይ 15 ሲቀነስ 45 ይቀራል። ያ 45 ሊትር ቦታ ባዶ አይደለም። አየር ነው የሞላው። ጋኑ በተከፈተ ቁጥር ደግሞ አዲስ አየር ይገባል። እንግዲህ ጠጁ እንዴት አይኮመጥጥ?

ታዲያ ምን ይደረግ? ነገሩ ቀላል ነው። ጠጁ ሲያንስ ዕቃውም ይነስ።

1. ድግሱ ባለቀ ማግስት የተረፈውን ጠጅ ወደ ትንሽ ዕቃ እናዛውር። ለ15 ሊትር ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ሦስት ይበቃል። አንዱን ስንከፍት ሁለቱ ሳይነኩ ይቆያሉ።

2. ጀሪካኑን በሙቅ ውኃና በሳሙና ደኅና አድርገን እንጠብ። የዘይቱ ሽታ እስኪጠፋ እናለቅልቀው፤ እናድርቀው።

3. ስናዛውር በቀስታ ይሁን። ጠጁን አንናጠው። ከሥር የዘቀጠውን አምቡላ እዚያው እንተወው።

4. እስከ አፉ እንሙላ። ካልሞላ የጀሪካኑን ጎን ጨመቅ አድርገን፣ አየሩን አስወጥተን እንክደን።

5. ፀሐይና የእሳት ሙቀት ከማይደርስበት ቀዝቃዛ ቦታ እናስቀምጠው።

አሁን ሁለት አደጋዎችን እንንገራችሁ። እነዚህን ልብ በሉ።

የመጀመሪያው ይህ ነው። ጣፋጭ ጠጅ ማሩ ገና አላለቀም። ስለዚህ ተዛውሮም ይፈላል፤ ጋዝም ያወጣል። ጠርሙስ ውስጥ ጥብቅ አድርገን ከከደንነው ጠርሙሱ ይፈነዳል። ስባሪው ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ ፍላቱ እስኪቆም ክዳኑን ላላ እናድርገው። የሚወጣው ጋዝ ራሱ አየሩን ይገፋዋል። ፍላቱ ሲቆም እናጥብቀው። ከዚያም በኋላ ጀሪካኑ ሆዱ ከተነፋ ክዳኑን ላላ አድርገን እናስተንፍሰው።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። የፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም የላምባ ዕቃ ቢታጠብም ለጠጅ አይሆንም። መርዙ በላስቲኩ ውስጥ ይሰርጻል፤ ታጥቦ አይወጣም። ለሰው መርዝ አጠጣን ማለት ነው! ጠጅ ጎምዛዛነት ስላለው ዚንክ የተቀባ የቆርቆሮ ባልዲንና መዳብንም ይበላል። በነዚህም ጠጅ አናቆይ።

የኮመጠጠውንስ ምን እናድርገው? በአዲስ ጠጅ ላይ አንጨምረው። አዲሱንም ያኮመጥጠዋል። ማር ቢጨመርበትም ጠጅ ወደ መሆን አይመለስም። ሻጋታ ከሌለውና ሽታው የአቸቶ ከሆነ ግን በሎሚ ፈንታ ለአዚፋ ይሆናል። ኮመጠጠ ብለን ሁሉንም አንድፋው።

ያቺን እናት አገኘናቸውና ይህን ሁሉ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «ኧረ ልጆቼ፣ እኔ እኮ ሰው አስቀየምኩ!» አሉ። በማግሥቱ ቡና አፍልተው ጎረቤታቸውን ራሳቸው ሄደው ጠሩ። «ዓይንሽ አይደለም እቴ፣ ጋኔ ነው» አሏት።

አንባብያን፣ ይህን ጽሑፍ ማንበብ ላልቻለ ጎረቤት አንብቡለት። ቀጥሎም እነዚህን ጥያቄዎች መልሱ።

ሀ. 20 ሊትር በሚይዝ እንስራ 8 ሊትር ጠጅ ቢተርፍ ስንት ሊትር አየር ይኖራል?

ለ. ገና የሚፈላን ጠጅ በጠርሙስ አጥብቀን ብንከድነው ምን ይሆናል?

ሐ. በቤታችሁ ያለው ጀሪካን ቀድሞ ምን ነበረበት?