ቡናውን ያፈሉት ሴት ቃላቸው የት ገባ?

አንድ ቃል ሰብሳቢ ከቦንጋ ተነሥቶ ወደ አንድ የካፋ ቀበሌ ሄደ እንበል። ሊቀ መንበሩ «ቋንቋ የሚያውቁ» ሦስት ሽማግሌዎች ያስጠራሉ። ወንበር ይወጣል፣ ደብተር ይከፈታል። ጥያቄው እንሰት ላይ ይደርስና «ግንዱ የሚፋቅበት መሣሪያ በካፊ ኖኖ ምን ይባላል?» ይባላል። ሽማግሌው ጥቂት አስበው ፊታቸውን ወደ ጓዳ ያዞሩና ባለቤታቸውን ይጠይቃሉ። እሳቸውም ቡና እየቆሉ ይመልሳሉ። ቃሉ ደብተሩ ላይ ይሰፍራል። በመረጃ ሰጪነት የሚጻፈው ግን የሽማግሌው ስም ነው። ቡናው ይጠጣል፣ ምስጋና ይቀርባል፣ ደብተሩ ይዘጋል። ባለቤትየው የሚያውቁትን የቀረውን መቶ ቃል የጠየቀ የለም።

ይህ የጨዋነት ጉዳይ አይደለም። መዝገበ ቃላት የቋንቋ የባለቤትነት ደብተር ነው። የገባው ቃል «ቋንቋ» ይባላል፤ ያልገባው «የሴቶች ወሬ» ሆኖ ይቀራል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የካፋ ዞን ነዋሪ 874,716 ሲሆን ከዚህ ውስጥ 443,368ቱ ሴቶች ነበሩ። ከግማሹ በላይ የሆነው ሕዝብ በጓዳ በር በኩል ብቻ የሚጠየቅበት መዝገብ፣ የሕዝብ መዝገብ ሊባል አይገባውም።

ታሪኩ ረጅም ነው። ኦስትሪያዊው ሊዮ ራይኒሽ ስለ ካፋ ቋንቋ ያዘጋጀውን ሥራ በ1888 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ አሳተመ። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1951 የካፋን ቋንቋ ጥናት አወጣ። ቮልፍ ሌስላው በ1959 የእኅት ቋንቋውን፣ ያኔ ሞቻ ይባል የነበረውን የሸካን መዝገበ ቃላት አቀረበ። ሦስቱም ባለውለታዎች ናቸው፤ ሦስቱም ወንዶች፣ ሦስቱም ባዕዳን ነበሩ። ባዕድ ወንድ ወደ ሰው ጓዳ ዘልቆ ስለ ምጥ ቢጠይቅ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ለእነሱ ምክንያት ነበራቸው። ዛሬ ደብተር ይዞ የሚዞረው የአገሩ ልጅ ግን ምን ምክንያት አለው?

አማርኛም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም። ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን ተማሪያቸው ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ቀጠሉት፤ መጽሐፉን ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት፤ የራሳቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ደግሞ በ1962 ዓ.ም. አወጡ። አገር የሚኮራበት የመምህርና የተማሪ ቅብብል ነው። ቅብብሉ ያለፈው ግን ሴት እምብዛም ባልገባችበት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው። በመዝገበ ቃላት ሥርዓት ግሥ የሚጠራው በወንድ ነው፤ ገደለ፣ አረሰ፣ ጻፈ። ሥርዓቱ ሳይዛነፍ ከተኬደበት «አረገዘ» እና «አማጠ» ይመጣሉ። በርግጥ ይህ የአጠራር ልማድ ነው፤ በራሱ ማንንም አይበድልም። ነገር ግን ያረገዘ ወንድ ታይቶ ሳይታወቅ ማንም ሳይደነቅ መታለፉ፣ መዝጋቢው ከፊቱ ማንን አስቀምጦ ይጽፍ እንደነበር ይናገራል።

ፈረንጁም የተሻለ አልነበረም። ራይኒሽ ቪየና ላይ መጽሐፉን ባሳተመበት በዚያው 1888 የታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የመጀመሪያ ቅጽ ተጠናቀቀ። ከውስጡ አንድ ቃል ጎድሎ ነበር፤ «ቦንድሜይድ»፣ ሴት ባሪያ ማለት ነው። ቃሉ የተጻፈበት ወረቀት ጠፍቶ ኖሯል። ጉድለቱ በ1901 በአንድ ደብዳቤ ታወቀ፤ ቃሉ ቦታውን ያገኘው በ1933 ተጨማሪ ቅጽ ነው። በእንግሊዝ ወረቀቱ ጠፋ ተባለ። በካፋ የሚያስፈራው ወረቀቱ ጭራሽ አለመጻፉ ነው።

«ታዲያ ቢቀርስ ምን ይቀራል?» የሚል ይኖራል። ብዙ ይቀራል። የእንሰት አጠውልግ በሽታን ተሕዋስ ለሳይንስ ያስተዋወቀው የዳኛቸው ይርጉና የብራድበሪ ጥናት የወጣው በ1968 እ.ኤ.አ. ሲሆን መነሻው ካፋ ነበር። እንሰቱን የሚፍቁት፣ የሚጨምቁት፣ በጉድጓድ የሚቀብሩት፣ ቡላውን ከቆጮው፣ ቃጫውን ከሁለቱ የሚለዩት ሴቶች ናቸው። የትኛው ዝርያ ቶሎ እንደሚጠወልግ፣ የትኛው እንደሚቋቋም፣ የትኛው ለወላድ እንደሚሰጥ በስም ለይተው ያውቃሉ። የግብርና ባለሙያው ማሠልጠኛ ሲያዘጋጅ መዝገበ ቃላቱን ገልጦ «እንሰት» የሚል አንድ ቃል ብቻ ካገኘ፣ የሚያስተምረው የሚያውቁትን ሴቶች፣ እነሱ በማያውቁት ቃል ይሆናል።

ጤና ጣቢያም እንዲሁ ነው። ከሌላ አካባቢ የመጣች ነርስ ፊት የቀረበች እናት ሕመሟን በአፍ መፍቻዋ ትናገራለች። የሚወጋ ነው ወይስ የሚጎትት? ደሙ የወር አበባ ነው ወይስ ማስወረድ? እነዚህን የሚለዩ ቃላት በሴቶች አፍ አሉ። አስተርጓሚው በእጁ ባለው መዝገብ ውስጥ ካላገኛቸው «ሆዷን አሟታል» ብሎ ያልፋል። በዚያ አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሕይወት ሊያልፍ ይችላል።

ተቃውሞው ይታወቃል። አንደኛው «ወንድም ሴትም የሚናገረው ያንኑ ቋንቋ ነው» ይላል። እዚሁ ደቡብ፣ ከምባታ ቢሄድ መልሱን ያገኛል። በከምባታ ባሊሻ በሚባለው ልማድ ያገባች ሴት የአማቷን ስም ብቻ ሳይሆን በስሙ መነሻ ክፍለ ቃል የሚጀምሩ ቃላትን ሁሉ ትተዋለች። በምትካቸው ሌላ ቃል ትናገራለች። ይህን የሚያደርጉ ሴቶች ትምህርት ቤት ያልገቡ የቋንቋ ሊቃውንት ናቸው። እነሱን ሳይጠይቅ የሚሰበሰብ መዝገብ ግማሽ መዝገብ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ነውር ነው» ይላል። የገላ፣ የወር አበባና የወሊድ ቃል በአደባባይ አይጻፍም ማለቱ ነው። መዝገበ ቃላት ግን ስብከት አይደለም። ነውር የተባለው ቃል ሳይጻፍ ሲቀር ሕመሙ አይቀርም፤ ስም አልባ ይሆናል እንጂ።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የከፋው፣ «መሠረታዊው ይቅደም፣ የሴቶቹ ኋላ ይደርሳል» የሚለው ነው። በዚህ አገር «ኋላ» የተባለ ነገር መቼ ደርሶ ያውቃል? ቃሉን የሚያውቁት አሮጊቶች በየዓመቱ ይቀበራሉ። የልጅ ልጃቸው ቦንጋ ከተማ ውስጥ ቆጮውን ከገበያ ገዝታ ነው የምትበላው።

መፍትሔው የሚሊዮን ብር ፕሮጀክት አይጠይቅም። የካፊ ኖኖ ቃል የሚሰበስብ ማንኛውም አካል፣ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲም ይሁን የዞኑ ባህል ዘርፍ፣ ከሰብሳቢዎቹ ግማሹን ሴቶች ያድርግ። ወንበሩን ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት አንሥቶ እንሰት የሚፋቅበት፣ ሸክላ የሚሠራበት፣ አራስ የምትጠየቅበት ቦታ ይውሰደው። በየጊዜው የተገፉት የማንጆ ሴቶችም በማገዶ ሻጭነት ብቻ አይታዩ፤ ስለ ጫካው የሚያውቁት ቃል ይመዝገብ። በእያንዳንዱ ቃል ሥር የተናጋሪው ጾታና መንደር ይጻፍ። ማን እንደተናገረ ሲታወቅ ማን እንዳልተጠየቀ ይታያል።

ካፋ የቡና መገኛ ነኝ ብላ ለዓለም ትናገራለች። ተረቱም ካልዲ የተባለ ወንድ እረኛና ፍየሎቹ ፍሬውን አገኙ ይላል። ይሁን። ፍየል ግን ቡና አትቆላም፣ አታፈላም። የቆሉት፣ የወቀጡት፣ ያፈሉት ሴቶች ዛሬም እዚያው ምድጃው አጠገብ አሉ። ደብተሩ ሳይዘጋ ይጠየቁ።