ማሽኑ ሲመጣ እኔ ወዴት ልሂድ?

በዚህ ዕትም የምንመልሰው ጥያቄ የመጣው ከሳዑዲ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከአል ኮባር፣ አል ራዋቢ ከሚባለው ሰፈር ነው። እኅታችን በድምፅ መልእክት እንዲህ ትላለች፦

«ይፍቱኝ አባ። የማዳሜ ትልቁ ልጅ አዲስ ዕቃ ወጣ ከተባለ እንቅልፍ አይወስደውም። ስልኩን በየዓመቱ ይቀይራል። ቤቱ ውስጥ መጥረጊያውም፣ መብራቱም፣ የበሩ ደወልም በስልክ የሚታዘዝ ሆኗል። ሰሞኑን ደግሞ ሰው የሚመስል ማሽን ልብስ ሲያጥፍ በስልኩ አሳየኝና ‹ይህን እንገዛለን፤ አንቺም አገርሽ ትገቢያለሽ› ብሎ ሳቀ። እሱ ይሳቅ እንጂ እኔ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። በዚህ ደመወዝ ሁለት ልጆች አስተምራለሁ። ማሽኑ ሲመጣ እኔ ወዴት ልሂድ?»

እኅቴ ሆይ፣ ጥያቄሽ ትልቅ ጥያቄ ነው። ልጁም ያሳየሽ ተረት አይደለም። «ኒዮ» የሚባል፣ የቤት ሥራ እንዲሠራ የታሰበ ሰው መሳይ ማሽን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ለሽያጭ ቀርቧል። የሠራው ዋን ኤክስ የተባለ ኩባንያ ነው። ቁመቱ ሰው ያህላል፤ ክብደቱ 30 ኪሎ ገደማ ነው። ዋጋው 20,000 ዶላር፣ ማለትም 75,000 ሪያል ነው። በወር 1,000 ሪያል የሚከፈላት እኅት ይህን ገንዘብ ለማግኘት 75 ወር፣ ይኸውም 6 ዓመት ከ3 ወር መሥራት አለባት።

ልጁ ያላሳየሽ ነገር ግን አለ። ይህ ማሽን ያልተማረው ሥራ ሲያጋጥመው፣ ባለቤቱ ከፈቀደ፣ የኩባንያው ሠራተኛ ከሩቅ ሆኖ መነጽር መሰል መሣሪያ ዐይኑ ላይ ያደርግና በማሽኑ ዐይን እያየ እጁን ያንቀሳቅስለታል። አንዲት አሜሪካዊት ጋዜጠኛ ስትሞክረው ሦስት ዕቃ ወደ ማጠቢያ ማሽን ለመክተት 5 ደቂቃ ፈጅቶበታል፤ ያውም ሰው ከሩቅ እየነዳው። እንግዲህ አስቢው፤ ማሽን ነው የተባለው ውስጡ ሲታይ እንደ አንቺ ያለ ደመወዝተኛ አለበት።

ልብስ ማጠፍንም ቀላል አድርገሽ አትዪው። ሳሕን ሁልጊዜ ሳሕን ነው። ልብስ ግን በወደቀ ቁጥር ቅርጹ ይለያያል፤ እጅጌው የቱ፣ አንገቱ የቱ እንደሆነ ማሽኑ በየጊዜው እንደ አዲስ መፈለግ አለበት። በጃፓን «ላንድሮይድ» የተባለ ልብስ አጣፊ ማሽን ተሠርቶ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ነበር። አንድ ካናቴራ ለማጠፍ ደቂቃዎች ይፈጅበት ነበር፤ ሥራውም አልዘለቀም፤ ኩባንያው በ2019 ከሰረ። አንቺ የልጆቹን ልብስ እያጠፍሽ በዚያው ወጥ ታማስያለሽ።

ይህን ስል «አይመጣም፤ ተኝተሽ እደሪ» ማለቴ አይደለም። ወለል የሚጠርገው ክብ ማሽን «ሩምባ» በ2002 ሲወጣም ብዙዎች እንደ መጫወቻ አይተውት ነበር። ዛሬ በየቤቱ አለ። ያም ሆኖ የቤት ሠራተኛ አላስቀረም፤ ሥራዋን ግን ለወጠው። ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ ዕቃ መጀመሪያ ውድና ሰነፍ ሆኖ ይመጣል፤ ቀስ እያለ ይረክሳል፣ ይሰላል። የመጀመሪያው የእጅ ስልክ በ1983 ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 3,995 ዶላር ነበር፤ 30 ደቂቃ ለመነጋገር 10 ሰዓት ባትሪ ይሞላ ነበር። ዛሬ ከዚያ መቶ እጅ የሚበልጥ ስልክ በእጅሽ ይዘሻል።

ያለሽበት አገርም ለዚህ ምስክር ነው። አል ኮባር ጥንት የዓሣ አጥማጆችና የዕንቍ ጠላቂዎች መንደር ነበረች። ወንዶቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ባሕር እየጠለቁ ዕንቍ ያወጡ ነበር። ጃፓኖች ዕንቍን እንደ እርሻ ማምረት ሲችሉና የዓለም ንግድም ሲቀዛቀዝ፣ በ1930ዎቹ የባሕረ ሰላጤው ዕንቍ ገበያ ወደቀ፤ ጠላቂዎቹ ሥራ ፈቱ። በ1938 ደግሞ ደማም ቁጥር 7 ከተባለው ጉድጓድ ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ ተገኘ። ሌላ ሥራ የለመዱት በዚያ ገቡ። በአንቺ የሳቀው ልጅ ቅድመ አያቱ ከነዚያ ጠላቂዎች አንዱ ሊሆን ይችላል።

በእኛም አገር ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥታ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ በድንጋይ ወፍጮ ስትፈጭ የምታነጋ ሴት ነበረች። በየትልልቁ ቤት ፈጪ ሆና የምታድር ነበረች። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ የብዙ እናቶች ወገብ ዐረፈ፤ ተመስገን ተባለ። ከመፍጨት በቀር ሌላ ሥራ ያልያዘችው ፈጪ ግን ሌላ ቤት መፈለግ ነበረባት። ስለዚህ ማሽን ጠላትሽ አይደለም። አደጋው በአንድ ሥራ ብቻ ታስሮ፣ በእጅ ምንም ሳይያዝ መገኘት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ ብትሉ አራት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ማሽን ቶሎ የማይደርስበትን ሥራ ተማሩ። ወለል መጥረግና ሳሕን ማጠብ ቀድሞ የሚሄድ ሥራ ነው። ሽማግሌ ደግፎ ማንሣት፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ ሕፃን ሲያለቅስ ርቦት ይሁን አሞት መለየት፣ የቤቱን አመል ዐውቆ ማብሰል ግን በቀላሉ አይወሰድም። ስልካችሁም ለዚህ ያገለግላችሁ። የጉግል ትርጉም ከ2016 ጀምሮ ዐማርኛ ይዟል፤ የዐረብኛ ጽሑፍ በካሜራ አንሥቶ ፍቺውን ያሳያል። ይሳሳታልና የመድኃኒትና የኬሚካል ነገር ሲሆን ግን ሰው ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ደመወዛችሁ በስማችሁ ይግባ። ሳዑዲ በሙሳነድ በኩል የቤት ሠራተኛ ደመወዝ በባንክ ወይም በስልክ ዋሌት እንዲከፈል ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በአዲስ ውሎች አስጀምራ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ወዲህ ሁሉንም አሠሪዎች እንዲያጠቃልል ደንግጋለች። ይህ ከሚታጠፍ ስልክ ሁሉ የሚበልጥ ቴክኖሎጂ ነው፤ በየወሩ የተከፈለው ማስረጃ ሆኖ ይቀራልና። የምትይዙት ሲም ካርድ በገዛ ኢቃማችሁና በገዛ አሻራችሁ የወጣ መሆኑን አረጋግጡ። በሌላ ሰው ስም ከሆነ፣ ያ ሰው ባዘጋው ቀን ዋሌታችሁም አብሮ ሊዘጋባችሁ ይችላል። የሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ፤ ለአገር ልጅም ቢሆን።

ሦስተኛ፣ በዕቃ ፍቅር አትያዙ። ዕቃ መውደድ ነውር አይደለም፤ እኔም በተማሪነቴ የመምህሬን ዜማ የሚቀዳ ቴፕ ለማግኘት ስንት ሌሊት አልሜአለሁ። ግን ዋጋውን በሪያል አትቁጠሩት፤ በወር ቁጠሩት። የመጀመሪያው የሳምሰንግ ታጣፊ ስልክ በ2019 ሲወጣ 1,980 ዶላር፣ ማለትም 7,425 ሪያል ነበር። ይህ የሰባት ወር ተኩል ድካም ነው። አገር ቤት ያለ ወንድም «ላኪልኝ» ሲል ይህን ንገሩት። የዛሬው ብርቅ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ በርካሹ ስልክ ላይ ይገኛል፤ ታግሦ የገዛ በግማሽ ዋጋ ይገዛዋል።

አራተኛ፣ ዐይን ያለውን ዕቃ ዕወቁ። በ2022 እንደተዘገበው፣ በሙከራ ላይ የነበሩ የሩምባ መጥረጊያዎች ያነሡት ምስል፣ መጸዳጃ ላይ የተቀመጠች ሴት ምስል ጭምር፣ ከእጅ ወደ እጅ ወጥቷል። የምታድሩበትን ክፍል በር ዝጉ፤ የሚዞረው ማሽን ካሜራ እንዳለው በትሕትና ጠይቁ። ቤቱ የእነርሱ ነው፤ ገላሽ ግን የአንቺ ነው።

እኅቴ፣ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ወዴት ልሂድ አልሽ። ዛሬ የትም አትሂጂ፤ ማሽኑ ገና መንገድ ላይ ነው። እስኪደርስ ግን ሁለት ልጆችሽ ትምህርታቸውን ይዘው፣ አንቺም በስምሽ ያስቀመጥሽው ገንዘብና ሌላ የያዝሽው ሙያ ይዘሽ ይጠብቅሽ። ልጁ ዳግመኛ ቪዲዮውን ሲያሳይሽ አትደንግጪ። «ይምጣ፤ ግን እኔ ሳለሁ ይምጣና ልብስ ማጠፍ ላስተምረው» በዪው። እውነትም ማሽኖቹ የሚማሩት እንዳንቺ ካሉ እጆች ነው።

ለሌሎቻችሁም ጥያቄ በሚቀጥለው ዕትም እንገናኝ። ቸር ሰንብቱ፤ ይቆየን።