ቪዲዮው ይቁም፣ ብሩሹ ይነሣ

የሥነ ሥዕልን አላባውያን፣ ማለትም መስመርን፣ ቅርጽን፣ ቀለምን፣ የብርሃንና የጥላን ደረጃ፣ የገጽ ሸካራነትንና የርቀት ስሜትን፣ በትምህርታዊ ቪዲዮ ማስተማር እየተለመደ መጥቷል። አሠራሩ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። መስመር ከነጥብ ተነሥቶ እንዴት እንደሚጓዝ ቪዲዮ ከታተመ ሥዕል ይልቅ አጥርቶ ያሳያል፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ተማሪም የሠዓሊውን ጣቶች ከቅርብ ያያል። ይሁንና ቪዲዮው ቀለምንና ብሩሽን ከክፍል የሚያስወጣ ምክንያት ሲሆን ዝም ማለት አይገባንም።

ፊዚክስ በሥዕል ጉዳይ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር መልሳችን ከቀለም ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1861 ጄምስ ክለርክ ማክስዌል በለንደን ባሳየው ሙከራ፣ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ የተነሡ ሦስት ፎቶግራፎች በየማጣሪያቸው አልፈው በአንድ ግድግዳ ላይ ሲደራረቡ ባለ ቀለም ምስል ሰጡ። የዛሬው የቴሌቪዥንና የስልክ ስክሪንም የሚሠራው በዚሁ መርሕ ነው። በተለመደው ስክሪን ላይ ቢጫ ብርሃን የሚያመነጭ ነጥብ የለም፤ ቀይና አረንጓዴ ነጥቦች ጎን ለጎን ሲበሩ ዓይናችንና አእምሯችን ቢጫ ብለው ይተረጉሟቸዋል። የተጠራጠረ ተማሪ ቢጫ ምስል የሚታይበትን ስክሪን በጠንካራ አጉሊ መነጽር ይመልከት።

በአንጻሩ ቀይና አረንጓዴ የውኃ ቀለም በወረቀት ላይ ቢደባለቁ የሚገኘው ቢጫ ሳይሆን ድፍርስ ቡናማ ነው። ስክሪን ብርሃንን ይደምራል፤ ቀለም ግን ከወደቀበት ብርሃን ከፊሉን ውጦ ቀሪውን ይመልሳል። ቪዲዮው የድብልቁን መልክ ሊያሳይ ይችላል፤ አንዲት ጠብታ ስትጨመር ድብልቁ ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚያውቀው ግን የሠራ እጅ ነው።

ሸካራነትም እንዲሁ ነው። በስክሪን ላይ የሚታየው የሸካራው ገጽ ጥላ ነው፤ ጣት የሚዳስሰው ያው ለስላሳ መስታወት ነው። በአዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም የመስታወት ሥራ 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ በስልክ ላይ ግን ከመዳፍ አይበልጥም። ከውጭ የሚገባው የፀሐይ ብርሃን ከጠዋት እስከ ማታ ሲለዋወጥ በመስታወቱ ላይ የሚያመጣውን ለውጥም በአጭር ቪዲዮ ማየት አይቻልም።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት አንድ ቁም ነገር አስተምሮናል። ሥርጭቱ በሳተላይት ሲተላለፍ መምህሩ ሊያቆመው ስለማይችል፣ ያልገባው ተማሪ ጥያቄውን እንደያዘ ይቀር ነበር። የዛሬው ቪዲዮ ግን ይቆማል። ትልቁ ጥቅሙም ይኸው መቆሙ ነው።

ስለዚህ አሳባችን አጭር ነው። መምህሩ አምስት ደቂቃ ያሳይ፤ ከዚያም ቪዲዮውን ያቁምና ተማሪው ያየውን በወረቀት ላይ ይሞክር። ቀለም ውድ ነው ለሚሉን፣ ከሰል ለጥቁር፣ እርድ ለቢጫ፣ ቀይ አፈር ለቀይ በየአካባቢው ይገኛሉ። ተማሪው ሙከራውን ከቪዲዮው ጋር አስተያይቶ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ሲጠይቅ፣ የሥዕል ትምህርትና ሳይንስ በአንድ ክፍል ተገናኙ ማለት ነው። ወጣት አንባብያንም መምህሩን ሳይጠብቁ ይህን በየቤታቸው እንዲጀምሩ እንመክራለን።