ስኳር በሽታና የደም ቧንቧ

የሲሪንቃና የመርሳ ገበሬ ቦይ ያውቃል። ቦይ በደለል ሲሞላ ውሃው ማሳው ዳር አይደርስም። በሰውነታችንም ውስጥ ቦይ አለ። ደም ቅዳ ቧንቧ ይባላል። ደምን ከልብ ተቀብሎ ለአንጎል፣ ለእግር፣ ለመላ አካል ያደርሳል። ልብ ራሷም ደም የምታገኘው በዚህ ዓይነት ቧንቧ ነው። ይህን ቧንቧ ከሚጎዱት አንዱ ስኳር በሽታ ነው።

"ስኳር የሀብታም በሽታ ነው" ሲባል ትሰማላችሁ። ልክ አይደለም። ልጅንና ወጣትን የሚይዝ ዓይነት አለ። አንደኛው ዓይነት ይሉታል። ልጁ ስኳር ስለበላ የመጣ አይደለም። ቆሽት ኢንሱሊን የሚባለውን ነገር ማመንጨት ስታቆም ነው። ያለ ኢንሱሊን የበላነው እንጀራ ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ይከማቻል እንጂ ጉልበት አይሆንም። ልጁ ውሃ ውሃ ይለዋል፤ ሽንት ያመላልሰዋል፤ ይከሳል። ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ጎንደር አካባቢ አጥንተው በ2009 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት፣ መርፌ የሚያሻው ስኳር በገጠር ድሃውንና ቀጭኑን ሰው ይይዛል።

መድኃኒቱ የኢንሱሊን መርፌ ነው። በየቀኑ ይወሰዳል። ታዲያ ልጁ ሲያገግም "ድኗል እኮ" ይባልና መርፌው ይቀራል። ጭራሽ ያቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ይህን ብዙ ሰው ሰምቷል። ያልተሰማው ሌላው ነው። እያቆራረጠ የሚወጋ ሰው ይሄዳል፣ ያርሳል፣ ደህና ይመስላል። ከውስጥ ግን የበዛው ስኳር የቧንቧውን ልስን ይጎዳል። በተጎዳው በኩል ስብ ይገባል። ደለል ቦዩ ወለል ላይ ይተኛል፤ እዚህ ግን ግድግዳው ራሱ ይወፍራል፣ ይደድራል፤ መተላለፊያው ይጠባል። ሲወፍር አያምም። ዓመታት አልፈው ደሙ ሲዘጋ ነው የሚታወቀው። ልብ ላይ ከሆነ ሰውየውን ድንገት ይጥለዋል። አንጎል ላይ ከሆነ ግማሽ ጎኑ ሽባ ይሆናል።

ሐኪሞች የግድግዳውን ውፍረት አንገት ላይ በአልትራሳውንድ ይለኩታል። በአሜሪካና በካናዳ ከ1983 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. 1,441 የዚህ በሽታ ሕሙማን ተጠኑ። ገሚሱ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ተወጋ። ገሚሱ ስኳሩን በየቀኑ ደጋግሞ እየለካ ኢንሱሊኑን በዚያው ልክ ወሰደ። በኋላ ሲለካ የእነዚህኞቹ ግድግዳ ያን ያህል አልወፈረም። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት ደግሞ የሚገርም ነው። በልብና በአንጎል ደም መዘጋት ወይም በልብ በሽታ ሞት፣ ከዚያኛው ወገን 100 ሰው ሲጎዳ ከዚህኛው 43 ያህል ብቻ ተጎዳ።

እኛ ዘንድ መለኪያው በየቤቱ የለም። ስለዚህ ቀጠሮ አይታለፍ። መድኃኒቱ ሳያልቅ ወደ ወልድያ ሆስፒታል ወይም ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ይኬድ። የደም ግፊትም ይለካ፤ ግፊትና ሲጋራ ያንኑ ግድግዳ ይጎዳሉ። ጠበል የሚሄድ መርፌውን ይዞ ይሂድ። ጾም ወይም ረመዳን መያዝ የፈለገ አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። መጠኑንም ማንም በራሱ አይጨምር። ስኳር ከልክ በታች ሲወርድ ያልባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ራስን ያስታል። ሕመምተኛው ኪሱ ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ አይጣ።

ኢንሱሊን ሙቀት አይወድም። ማቀዝቀዣ የሌለው በትልቅ ማሰሮ እርጥብ አሸዋ ያድርግ። በመካከሉ ትንሽ ማሰሮ ያስቀምጥ። ጠርሙሱን በላስቲክ ጠቅልሎ እዚያ ይክተት፤ አፉንም በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍን። ማሰሮው ጥላ ውስጥ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ። አሸዋው ሲደርቅ ውሃ ይጨመርበት።